ሁልጊዜ 4 ዲግሪ የሚነበብበት ቅጽ፦ በአንድ ምግብ ቤት የምግብ ደኅንነት ልማድን ለማጽናት የተደረገ ጥረት

## ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገበት ምክንያት

ስለ ምግብ ንጽሕና የሚሰጡ ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በማብቂያቸው ላይ በሚሰጥ ፈተና ነው። ሠልጣኙ እጅ መቼ መታጠብ እንዳለበት፣ ጥሬ ሥጋ ከምን ጋር መቀመጥ እንደሌለበት፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከስንት መብለጥ እንደሌለበት በትክክል ከመለሰ ሥልጠናው ተሳክቷል ይባላል፤ ሰርተፍኬቱም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ ፈተናውን ያለፉ ሠራተኞች በማግስቱ ለምን እንደ ቀድሞው እንደሚሠሩ፣ ከተለወጡት ልማዶችም መካከል የትኞቹ ጸንተው የትኞቹ እንደተመለሱ ያሳያል። የምግብ ቤቱ ስምና ቦታ እንዲሁም የሰዎቹ ማንነት ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም።

## የምግብ ቤቱ ሁኔታ

ምግብ ቤቱ መካከለኛ መጠን ያለው ነው። በአዘቦት ቀናት ደንበኞች ከዝርዝር የሚያዟቸውን ምግቦች ያቀርባል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ለስብሰባና ለቡድን ግብዣ በብዛት ያበስላል። ወጥ ቤቱ የተሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ብቻ ነበር። ምድጃዎቹ፣ የመክተፊያ ጠረጴዛዎቹና ማቀዝቀዣዎቹ ለትንንሽ ትእዛዞች የሚበቁ ሲሆኑ፣ የቡድን ምግብ በሚሠራበት ዕለት ግን ጥልቅ ድስቶች ወለሉን ሳይቀር ያጣብቡታል።

በሥራው ላይ ዋና ሼፍ፣ በሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ምግብ አብሳዮች፣ ረዳቶች፣ አስተናጋጆችና ዕቃ አጣቢዎች አሉ። አብሳዮቹና ረዳቶቹ ሁሉ የምግብ ንጽሕና ሥልጠና ወስደዋል። ዕቃ አጣቢዎቹ ግን ምግብ አይነኩም በሚል በሥልጠናው አልተካተቱም ነበር። ይህ ውሳኔ ቀላል ቢመስልም በኋላ እንደሚታየው ብዙ ነገር አበላሽቷል።

## ችግሩ

ባለቤቱ የውጭ ባለሙያ እንዲጠራ ያደረገው ከአንድ የቡድን ምሳ በኋላ የመጣ ቅሬታ ነው። ከተመገቡት ሰዎች መካከል በርከት ያሉት በዚያው ሌሊት በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ተሠቃይተዋል። ትውከትና ትኩሳት ብዙም አልታየባቸውም፤ በአንድ ቀን ገደማም አገገሙ። ከምግቡ የተቀመጠ ናሙና ስላልነበረ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ነገር የለም። ሆኖም ምልክቱ፣ ሕመሙ ለመጀመር የፈጀው ጊዜና ምግቡ የተዘጋጀበት መንገድ ሲገናዘቡ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ከሁሉ የሚበልጠው ተጠርጣሪ ሆነ።

በዕለቱ የቀረበው የሥጋ መረቅ በዋዜማው ማታ በጥልቅ ድስት ተቀቅሎ ነበር። ሠራተኞቹ እሳቱን አጥፍተው ድስቱን እንደተከደነ በምድጃው ላይ ተዉት፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ ለብ ብሎ ሲያገኙት ወደ ማቀዝቀዣ አስገቡት፤ በማግስቱም እስኪፈላ ሳይሆን እስኪሞቅ ብቻ አሙቀው አቀረቡት። ለዚህ ባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ አያያዝ ማሰብ ይከብዳል። መፍላት ሕያው ሕዋሶቹን ቢገድልም ስፖሮቹን፣ ማለትም ሙቀት ተቋቁመው የሚቆዩትን ያንቀላፉ ቅርጾቹን፣ አይገድልም። እንዲያውም አየሩን ከመረቁ ያስወጣና ኦክስጅን ለማይወደው ባክቴሪያ ቦታ ያዘጋጃል። መረቁ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ስፖሮቹ ይነቃሉ፤ ሙቀቱ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ሲደርስ ደግሞ ባክቴሪያው በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቁጥሩን በእጥፍ ሊያሳድግ ይችላል። ይህ ፍጥነት ሳይቋረጥ ለ2 ሰዓት ከቀጠለ፣ በሂሳብ ደረጃ አንዱ ሕዋስ ከ4,000 በላይ ይሆናል። በማግስቱ ምግቡ እስከ 74 ዲግሪ በሚገባ ቢሞቅ ኖሮ አብዛኛው በሞተ ነበር።

ሠራተኞቹ ይህን ያደረጉት ከስንፍና አልነበረም። ትኩስ ድስት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት በዙሪያው ያለውን ምግብ ያሞቃል፣ ማቀዝቀዣውንም ያደክማል ተብለው ተምረዋል፤ ይህም እውነት ነው። የጎደላቸው «ታዲያ ትኩሱን ድስት ምን ላድርገው» ለሚለው ጥያቄ የሚሆን መልስ ነበር። ክልከላ ተነግሯቸው አማራጩ አልተነገራቸውም።

## ቀደም ሲል የተሞከረው

ባለቤቱ ከቅሬታው በፊትም ቢሆን ቸልተኛ አልነበረም። ለአንድ ቀን የሚቆይ የአዳራሽ ሥልጠና አሰጥቷል፣ የእጅ አስተጣጠብ ፖስተሮች ለጥፏል፣ ጓንት ገዝቷል፣ በቀለም የተለዩ መክተፊያዎች አስመጥቷል፣ የማቀዝቀዣ ሙቀት የሚመዘገብበት ቅጽ አዘጋጅቷል፣ ሳይታጠብ የተገኘ ሠራተኛም ከደመወዙ እንዲቆረጥበት ደንብ አውጥቷል። ዝርዝሩን በወረቀት ላይ የሚያይ ተቆጣጣሪ ምንም አላጎደለም ማለቱ አይቀርም።

ሠራተኞቹ በድጋሚ ሲጠየቁም አብዛኞቹ ጥያቄዎቹን በትክክል መለሱ። ስለዚህ ተጨማሪ ትምህርት ከመስጠት በፊት ወጥ ቤቱን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ቆሞ ማየት ተመረጠ። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አሠራሩን ስለሚያሳምር፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምልከታ ብዙም አልታመነም። ቁም ነገሩ የተገኘው ሠራተኞቹ ተመልካቹን ከለመዱት በኋላ ነው።

## በምልከታ የተገኘው

ለእጅ መታጠቢያ የተመደበው ገንዳ ከመክተፊያ ጠረጴዛዎቹ ተቃራኒ በሆነው ጥግ ነበር፤ ከፊቱ ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ሳሙናው ብዙ ጊዜ ያልቃል፣ እጅ ማድረቂያ ወረቀትም የለውም። አብሳዩ ጥሬ ዶሮ ቆርጦ ወደ ሰላጣ ሲዞር እጁን የሚጠርገው በወገቡ ላይ ባንጠለጠለው ጨርቅ ነው። ጨርቁ እንደ ንጽሕና ዕቃ ይታይ እንጂ፣ ብክለቱን ከእጅ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ሳህን ጠርዝ የሚያዞረው እሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ምግብ ቤቶች ሠራተኞች ላይ የታተመ አንድ የምልከታ ጥናት፣ አንድ ሠራተኛ በሰዓት በአማካይ ወደ 9 የሚጠጉ እጅ መታጠብ የሚጠይቁ ተግባራትን እንደሚያከናውን፣ በአግባቡ የታጠበው ግን ከእነዚህ በ27 በመቶው ላይ ብቻ እንደሆነ መዝግቧል። እዚህም የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። እያንዳንዱ መታጠብ 20 ሰከንድ ያህል መፍጀት አለበት ከተባለ፣ መመላለሻውና ማድረቂያው ሲጨመር፣ ትእዛዝ በተደራረበበት ሰዓት ደንቡን እንደተጻፈው የሚፈጽም አብሳይ ምግቡን በሰዓቱ ማድረስ አይችልም ነበር። ሁለቱ መመሪያዎች፣ ማለትም «ፍጠን» እና «ታጠብ»፣ በአንድ ሰው ላይ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ደንበኛው እየጠበቀ የሚገፋው ነው።

የቀለም መክተፊያዎቹ ነገር ደግሞ የዕቃ አጣቢዎቹን ጉዳይ አወጣው። ቀዩ ለጥሬ ሥጋ፣ አረንጓዴው ለአትክልት መሆኑን አብሳዮቹ ሁሉ ያውቃሉ። ሰሌዳዎቹን ታጥበው ሲደርቁ በአንድ ክምር የሚደረድሩት ግን የቀለሙ ትርጉም ያልተነገራቸው ዕቃ አጣቢዎች ናቸው። በሩጫ ሰዓት አብሳዩ የሚያነሳው ከላይ ያገኘውን ነው። ከዚህም በላይ ሰሌዳዎቹ የሚነከሩበት የክሎሪን ውኃ በዓይን ግምት የሚበጠበጥ በመሆኑ አንዳንዴ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ አንዳንዴ ከተራ ውኃ አይለይም። የምግብ ቅሪት ያለበት ዕቃ ሲነከር ክሎሪኑ ኃይሉን በቅሪቱ ላይ እንደሚጨርስ፣ ስለዚህ በደንብ ማጠብ ከመንከር መቅደም እንዳለበት የነገራቸው ሰውም አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቅጹ ነበር። የማቀዝቀዣዎቹ ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ በቅጹ ላይ ግን ከወር እስከ ወር የሚነበበው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። በሩ በየደቂቃው የሚከፈት ማቀዝቀዣ በቀትር ሩጫም በሌሊትም አንድ ቁጥር አያሳይም። የአንድ ሳምንት ሙሉ ቅጽ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ መሆኑ ከጽሕፈቱ ይታወቃል። ሠራተኞቹ ምክንያቱን ያለማመንታት ተናገሩ፦ አንድ ጊዜ 8 ዲግሪ የጻፈ ባልደረባቸው ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርቦ ተገሥጿል፤ ማቀዝቀዣው ግን አልተጠገነም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም 4 ይጽፋል።

## የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሥራ መታጠብ የሚያስፈልግባቸውን ጊዜያት መቀነስ ነበር። ይህ ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ዋናውን ሼፍ ግር ብሎት ነበር፤ ብዙ እንዲታጠቡ ማድረግ አልነበረም ወይ የተፈለገው? ጥሬ ዶሮና ሥጋ ቀኑን ሙሉ በየትእዛዙ መቆረጡ ቀርቶ፣ ጠዋት ትእዛዝ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ጠረጴዛ፣ በተመደበ ሰው ተቆርጦና ተመዝኖ በየድርሻው ተከፍሎ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጠረጴዛው ታጥቦ በክሎሪን ውኃ ከተወለወለ በኋላ ነው አትክልት የሚገባው። ዶሮን ከመቁረጥ በፊት በቧንቧ የማጠብ ልማድም በዚሁ ተቋረጠ፤ የሚረጨው ውኃ ካምፒሎባክተርንና ሳልሞኔላን ወደ ገንዳው ዙሪያ ከማዳረስ ሌላ ጥቅም የለውም፣ ባክቴሪያውን የሚገድለው ማብሰሉ ነውና።

ቀጥሎ መታጠቢያው ወደ ሥራው መጣ። ገንዳውን ማዛወር ውድ ስለነበር፣ ቧንቧ ያለው የውኃ መያዣ ከነሳሙናው፣ ከነወረቀቱና ከነቆሻሻ ውኃ መቀበያው ከጥሬ ሥጋው ጠረጴዛ አጠገብ ተተከለ። የወገብ ጨርቅ ተከለከለ፤ በምትኩ ለጠረጴዛ መወልወያ የሚሆኑ ጨርቆች በክሎሪን ውኃ ባልዲ ውስጥ እንዲቀመጡ ሆነ። የክሎሪኑ መጠን በሚሊዮን ከ50 እስከ 100 ክፍል እንዲሆን፣ መለኪያ ኩባያና ቀለም የሚለውጡ መፈተሻ ወረቀቶች ለዕቃ አጣቢዎቹ ተሰጡ። በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን ውስጥ የሥራ ኩራታቸው ሲጨምር የታየው የእነሱ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ ተሰጥቷቸው «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» የማለት ሥልጣን አገኙ። መክተፊያዎቹም ከክምሩ ወጥተው በየሥራ ቦታቸው ግድግዳ ላይ በመንጠቆ ተሰቀሉ። ቀዩ ሰሌዳ አትክልት ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ሰው ከመንጠቆው አውርዶ ተሸክሞት ከሄደ ብቻ ነው።

የመታጠቢያ ጊዜያቱ ረጅም ዝርዝር ወደ አራት አጠረ፦ ወደ ሥራ ሲገባ፣ ከመጸዳጃ ሲመለስ፣ ከጥሬ ሥጋ ሲነሳ፣ ቆሻሻ ወይም ገንዘብ ወይም ስልክ ከነካ በኋላ። ሌሎቹ ጊዜያት አያስፈልጉም ማለት አይደለም፤ ሆኖም ሁሉንም የሚጠይቅ ዝርዝር አንዱንም አያስፈጽምም ነበር። እነዚህ አራቱ በተወሰነ ቦታ ከሚፈጸም ተግባር ጋር ስለተያያዙ ሰውየው ማስታወስ አላስፈለገውም፤ ተግባሩ ራሱ ያስታውሰዋል።

ለድስቱ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ የበሰለ ምግብ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ውስጥ እንዲወርድ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ክፍል አጭር የሆነው ባክቴሪያው የሚሮጥበት ክልል እዚያ ስለሆነ ነው። ወፍራም ምግብ በጥልቅ ድስት ውስጥ ይህን ሊያሟላ አይችልም። የሙቀት ሕግ በግምት እንደሚነግረን የምግቡ ውፍረት ሲጋመስ መቀዝቀዣው ጊዜ ወደ ሩብ ይጠጋል። ስለዚህ መረቁና ሩዙ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪዎች ላይ መገልበጥ ጀመረ፤ ፈሳሹ ደግሞ በበረዶና በውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ድስቱ ተቀምጦ ይማሰላል። እንፋሎቱ ሲያበቃ ሳይከደን ወደ ማቀዝቀዣው የላይኛው መደርደሪያ ይገባል፤ የሚከደነው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ለአብሳዮቹ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ ተብራርቷል፤ ምክንያቱም «ደግሞ ይፈላል፣ ምን ይሆናል» የሚለው እምነት በብዙ ወጥ ቤቶች የተለመደ ነው። በመረቁ ጉዳይ እንደገና በሚገባ ማፍላት ሊያድን ይችል ነበር። በሩዝ ላይ የሚያድገው ባሲለስ ሴሪየስ የሚያመነጨው ትውከት አምጪ መርዝ ግን፣ እንዲሁም ከእጅ ቁስልና ከአፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚተወው መርዝ፣ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ምግቡ ሲፈላ አይጠፋም። ይህን የሰሙት ሠራተኞች ከዚያ በኋላ ስለ ማቀዝቀዝ መከራከር አቆሙ። ደንቡን ሳይሆን ምክንያቱን ማወቅ ለውጥ ያመጣበት ግልጽ ቦታ ይህ ነው።

ትምህርቱ የተሰጠው በአዳራሽ ሳይሆን በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት፣ በጠረጴዛው አጠገብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየተነሳ ነው። አሰልጣኙ ካሳየ በኋላ አብሳዩ ራሱ ለባልደረባው መልሶ ያሳያል። ዋናው ሼፍ በየፈረቃው መጀመሪያ በሁሉም ፊት ቀድሞ እንዲታጠብ ተስማማ፤ እስኪለምደው ድረስ ትንሽ አፍሮ ነበር።

## ቅጹ እውነት መናገር ሲጀምር

የምግብ አደጋዎችን በወሳኝ የቁጥጥር ነጥቦች የመከላከል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአሜሪካ ጠፈርተኞች የሚሆን አስተማማኝ ምግብ ለማዘጋጀት ሲባል የተጀመረ ነው። ከሰባቱ መርሆች አንዱ ክትትል ሲሆን፣ ሌላው ልኬቱ ሲዛነፍ የሚወሰደው የእርምት እርምጃ ነው። የምግብ ቤቱ ቅጽ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ትቶታል፤ ለቁጥር ሣጥን አለው፣ «ምን አደረግህ» ለሚለው ግን ባዶ ቦታ እንኳ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ቅጽ ሠራተኛውን ወይ ውሸት ወይ የራሱን ክስ እንዲጽፍ ያስገድደዋል።

አዲሱ ቅጽ አጭር ሆነ። ሰዓት፣ ቁጥር፣ የተደረገው ነገር፣ ፊርማ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ በቅጹ ላይ በተጻፈ ቁጥር ማንም እንደማይቀጣ በጽሑፍ አረጋገጠ፤ ይህን ፊርማ ማግኘት ከሥልጠናው ሁሉ የበለጠ ድርድር ጠይቋል። ቴርሞሜትሮቹም ተፈተሹ። የተፈጨ በረዶ ጥቂት ውኃ ተጨምሮበት ሲበጠበጥ ንባቡ 0 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከነበሩት አንዱ በዚህ ፈተና በጥቂት ዲግሪዎች ተሳስቶ በመገኘቱ ተጣለ።

ከዚያም 4 ጠፋ። በቅጹ ላይ 7፣ 8፣ 9 መታየት ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ከመሻሻል ይልቅ እንደተበላሸ ቆጥሮ ወደ ቀድሞው ቅጽ ለመመለስ አስቦ ነበር። በእርግጥ የተለወጠው ማቀዝቀዣው አልነበረም። ቁጥሮቹ ሲደረደሩ ከፍ የሚሉት በአንዱ ማቀዝቀዣ ላይ፣ በቀትር ብቻ ሳይሆን በጠዋትም እንደሆነ ታየ፤ ሲፈተሽ የበሩ ጎማ ተቀዶ ተገኘ። በሌላኛው ማቀዝቀዣ ላይ ግን ሙቀቱ የሚጨምረው በምሳ ሰዓት ብቻ ስለነበረ፣ ለቀትር የሚያስፈልገው ዕቃ ቀድሞ በትንሽ ማቀዝቀዣ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጎማው ሲቀየር ቁጥሩ ወረደ። ቁጥር ጽፈው ጥገና ማየታቸው፣ ስለ መዝገብ አስፈላጊነት ከተነገራቸው ሁሉ ይልቅ ሠራተኞቹን አሳምኗቸዋል።

## ሳይሠራ የቀረው

ቅጣቱ ያመጣው ለውጥ መደበቅን ብቻ ነው። የተመሰገነ ሠራተኛ በየወሩ መምረጥም ተሞክሮ ነበር፤ ተመራጩ በባልደረቦቹ መቀለጃ ከመሆን አልፎ ሌላ ውጤት ስላላመጣ ቀረ። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር የሚያበራ ቅባት እጅ ላይ ተቀብቶ ከታጠቡ በኋላ የቀረውን ማየት ሁሉንም አስደንግጧል። ትርኢቱን ከወራት በኋላም በሳቅ ያነሱታል፤ እጅ አስተጣጠባቸውን ሲመለከቱ ግን ድንጋጤው ከቀናት በላይ አልቆየም።

ጓንት የተለየ ቃል ይገባዋል። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ሠራተኞች ጓንት ሲያጠልቁ የመታጠባቸው ዕድል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ እዚህም ጓንቱ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ሳይወልቅ በጥሬውም በበሰለውም ላይ ይዞር ነበር። እጅ ሲቆሽሽ ሰውየው ይሰማዋል፤ ጓንት ሲቆሽሽ አይሰማም። በመጨረሻ ጓንት ለሁለት ጉዳዮች ብቻ ተወሰነ፤ አንደኛው ያለ ተጨማሪ ማብሰል የሚቀርብን ምግብ ለመያዝ፣ ሁለተኛው በፋሻ የተሸፈነ ቁስል ላለበት ሰው። አንዳንድ ደንበኞች አብሳዩ በባዶ እጁ ሲሠራ አይተው ቅር ማለታቸው አልቀረም።

እጅግ አስቸጋሪው ያልተፈታ ጉዳይ የታመመ ሠራተኛ ነው። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ በጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ይተላለፋል፣ በአልኮል የእጅ ማጽጃም በቀላሉ አይበገርም፤ ስለዚህ ተቅማጥ ወይም ትውከት የነበረበት ሰው ምልክቱ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ከምግብ መራቅ አለበት። ይህን ሠራተኞቹ ሁሉ ያውቁታል። የቀረበት ቀን ግን አይከፈለውም፤ ስለዚህ አይናገርም። ባለቤቱ ቀለል ያለ ሕመም ያለበት ሰው ምግብ በማይነካበት ሥራ እንዲመደብ ፈቀደ፤ ይህ ለጉንፋን እንጂ ለተቅማጥ አይሆንም። ሙሉ ክፍያ ያለው የሕመም ዕረፍት አልተፈቀደም። በዚህ ረገድ የተሰጠው ትምህርት በሙሉ ያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል።

## ዋናው ሼፍ ሲለቅ

ልማዶቹ መጽናታቸው የታወቀው ሥልጠናው ሲያልቅ ሳይሆን ዋናው ሼፍ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ነው። አዲሱ ሼፍ በሙያው የተካነ፣ ስለ ቀድሞው ጥረት ግን ምንም ያልሰማ ነበር። በፈረቃ መጀመሪያ የሚደረገው የጋራ መታጠብ ወዲያው ቀረ። የድስቱ አቀዛቀዝ ተዛነፈ፤ ሰፋፊዎቹ ትሪዎች ለሌላ አገልግሎት ሲወሰዱ የሚመልሳቸው ስላልነበረ መረቁ ወደ ጥልቁ ድስት ተመለሰ። በጥሬ ሥጋው ጠረጴዛ አጠገብ ያለው መታጠቢያ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ በመንጠቆዎቻቸው ላይ ነበሩ፤ ዕቃ አጣቢዎቹም የክሎሪኑን መጠን መፈተሻቸውን አላቋረጡም። የሳሙናና የወረቀት ፍጆታ አልቀነሰም። ይህ ፍጆታ እጅ መታጠብን ለመከታተል ከዓይን ምልከታ የተሻለ አመላካች ሆኖ አገልግሏል፤ ፖስተሮቹ ሲለጠፉ ያልተነቃነቀው የሳሙና ወጪ መታጠቢያው ሲዛወር በግልጽ ጨምሮ ነበርና።

የድስቱን አቀዛቀዝ ሥርዓት ለመመለስ ለአዲሱ ሼፍ ንግግር አልተደረገለትም። በአንድ የግብዣ ዕለት ጥልቁ ድስትና ሰፊው ትሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱንም ራሱ በቴርሞሜትር እንዲለካ ተጋበዘ። ትሪው ከ21 ዲግሪ በታች ወርዶ ድስቱ ግን መሐሉ ገና ሲያቃጥል አየ። ትሪዎቹ በዚያው ሳምንት «ለማቀዝቀዣ ብቻ» የሚል ምልክት ተቀርጾባቸው የራሳቸው መደርደሪያ ተሰጣቸው።

## ወደ ሌሎች ወጥ ቤቶች ሊወሰድ የሚችለው

በሰው አርአያነት ላይ ብቻ የቆመው ልማድ ሰውየው ሲሄድ ሄደ፤ በዕቃ አቀማመጥ ላይ የቆመው ቀረ። ስለዚህ ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ውኃው፣ ሳሙናው፣ ሰሌዳውና ትሪው ሥራው ካለበት ቦታ በስንት እርምጃ ርቀት ላይ እንደሚገኙ ቢመለከት ጊዜው አይባክንም። ይህ ማለት ዕውቀት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የመርዙ በሙቀት አለመጥፋት ጉዳይ እንዳሳየው፣ ሠራተኛው የተሳሳተ ምክንያት በያዘበት ቦታ ላይ ትክክለኛው ምክንያት ብዙ ይሠራል። ልምድ ያለው ሰው ደንብ ሲጥስ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ሌላ ደንብ ለመፈጸም ብሎ እንደጣሰ ነው።

የክትትሉ ጊዜም ከሥልጠናው ቀናት በብዙ መርዘም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ በተካሄደ ጥናት ላይ የወጣ ጽሑፍ አንድ አዲስ ተግባር ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። ጥናቱ በግል የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ልማድ ላይ የተደረገ እንጂ በወጥ ቤት ሥራ ላይ ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ በአንድ ቀን ሥልጠና ልማድ ይተከላል ብሎ ለሚያስብ አሠሪ ግን በቂ መልስ ነው። ሠራተኛ በሚቀያየርበት ሥራ ደግሞ ክትትሉ መቼም አያልቅም። እዚህ ምግብ ቤት አዲስ ገቢ ሁሉ የመጀመሪያ ቀኑን ከዕቃ አጣቢዎቹ ጋር እንዲጀምር የተደረገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰሌዳውን ቀለምና የክሎሪኑን ልኬት የሚማረው ከእነሱ ነው።

ቅጽን በተመለከተ፣ ሁልጊዜ መልካም ቁጥር የሚያሳይ መዝገብ ለተቆጣጣሪ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያጠራጥር መሆን አለበት። አሠሪው የሕመም ዕረፍትን በሚመለከት ያለው አቋምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ እውነት የተናገረ ሠራተኛ ገቢውን የሚያጣ ከሆነ፣ የማቀዝቀዣው ቅጽ ታርሞ እንኳ የጤና መግለጫው ቅጽ 4 ዲግሪ ማለቱን ይቀጥላል። ባለቤቱ ይህን ከሰማ በኋላ ለሁለት ቀን የሕመም ክፍያ የሚሆን ስሌት እንዲሠራለት ጠይቋል፤ ይህ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ ግን አልወሰነም።